ወደ ጣሪያ የሚጠቁመው ቀስት

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ተነቅሎ በስብሰባ አዳራሽ በክብር ስለተሰቀለው ማራገቢያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለመላ ጤንነትዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ፣ ያለኝን ልባዊ መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ሌላው የሰውነት ክፍልዎ ሳያሳስበኝ ቀርቶ አይደለም፤ በሙያዬ ምክንያት ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቀድሞ የሚታየኝ ሳንባው ስለሆነ ነውና እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ውሃ እንኳን ሳይጎነጩ ከጠዋት እስከ ምሳ ሲናገሩ አዳምጬ ትንፋሽዎ ምን ያህል የተሟላ እንደሆነ በሚገባ ተረድቻለሁ። ከዓይን ያውጣልዎ።

እኔ በኮሌጅዎ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። በስሜ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ተማሪዎች ግን «ቀስት» ብለው ይጠሩኛል። ቅጽል ስሙ የወጣልኝ ሰሌዳ ላይ ቀስት ስስል ስለምውል ነው። በእኛ ትምህርት አንድ ውህድ ወደ ሌላ ውህድ ሲለወጥ ኤሌክትሮኖቹ ከየት ተነስተው የት እንዳረፉ በቆልማማ ቀስት ይታያል፤ ይህንንም ሜካኒዝም እንለዋለን። ከየትም ያልተነሳ ወይም የትም ያላረፈ ቀስት ስሎ የሚያስረክበኝ ተማሪ ምሕረት አያገኝም። በዚህ ዓለም ላይ ምንም ነገር ዝም ብሎ አይጠፋም፣ የሄደበትን አሳዩኝ እያልኩ ስንቱን አስለቅሼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ከዚህ በፊት በዝግ ፖስታ የላክኋቸው መልስ አጥተው አይደለም። መልስማ አግኝተዋል። መልሶቹ እጅግ ያማሩ ስለነበሩ ብቻዬን አንብቤ መቅረቴ ቆጭቶኝ ነው። እናም ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልመናዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ሰኞ የተግባር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ማራገቢያችን ወደ ቦታው ይመለስልን። ካልተመለሰ አንዲት ወጣት እናቷ በታመመችበት ክፍል ውስጥ፣ እናቷን ያሳመመውን ጋዝ እየሳበች ሥራ ትጀምራለች። እንደማይመለስ አውቃለሁ። ቢሆንም እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ቅሬታዎቼን፣ ወይም እርስዎ በአንድ ወቅት እንዳረሙኝ «አስተያየቶቼን»፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ለዕቃ ምርጫዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። በቤተ ሙከራችን ጥግ ፊቱ መስታወት የሆነ ትልቅ ሳጥን አለ፤ መጥፎ ጋዝ የሚያወጡ ሥራዎች የሚሠሩት በዚያ ውስጥ ነው። ከሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ የነበረው ማራገቢያ ጋዙን ከውስጥ እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣ ነበር። እርስዎ እንግዶችዎን የሚቀበሉበት የፎቅ አዳራሽ ሲታደስ ሙቀቱ አስቸገረና የጥገና ክፍል ባልደረቦች ግቢውን ዞረው ይህንኑ ማራገቢያ «ሥራ ፈትቶ ተገኘ» ብለው ነቀሉት። ሥራ የፈታው ጊዜው የዕረፍት ወቅት ስለነበር፣ ተማሪም መምህርም ስላልነበረ ነው። በዚህ አካሄድ ወንበሮቹም፣ ሰሌዳውም፣ እኔም ሥራ ፈት ሆነን በተገኘን ነበር፤ ትቶን በመሄዱ የጥገና ክፍሉን አመሰግናለሁ።

ማራገቢያው የተወሰደው «ለጊዜው» እንደሆነ ተነግሮናል። ጊዜው እስኪደርስ ግድግዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ ለዓይን እንዳይከፋ በማለት «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ጽሑፍ በመስታወት ፍሬም አሠርተው፣ ከግርጌው ፈርመው ስለላኩልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አናጢው ቀዳዳውን ለክቶ የሠራው ስለሆነ ልክክ ብሎ ገጥሟል፤ አንዲት የአየር ሽውታ እንኳን አያሳልፍም።

አዳራሹ ውስጥም ማራገቢያው መጀመሪያ እንደ ተፈጥሮው አየሩን ወደ ውጭ ሲያወጣ ለተሰብሳቢው ፊት ምንም ቅዝቃዜ ስላልሰጠ፣ በትእዛዝዎ ተገልብጦ መገጠሙን ሰምቻለሁ። አሁን ከውጭ ወደ ውስጥ ይነፍሳል አሉ። አዳራሽዎ ከእኛ ክፍል በላይ መሆኑን፣ የተገለበጠውም ማራገቢያ ልክ ከእኛ ብቸኛ መስኮት አናት ላይ አፉን ከፍቶ መቀመጡን በዚህ አጋጣሚ እንደ ጎረቤት ላስታውስዎ እወዳለሁ።

2. የአካዳሚክ ጉባኤው ሜካኒዝሙን እንዳሻሽል ስለሰጠኝ መመሪያ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላብራራ። ከአልኮል ተነስቶ አልካይል ሃላይድ መሥራት የትምህርታችን ሀ ሁ ነው። አልካይል ሃላይድ ማለት በካርቦን ሰንሰለት ላይ ክሎሪን ወይም ብሮሚን የተቀመጠበት ውህድ ሲሆን፣ ከእሱ ተነስቶ መድኃኒትም፣ ቀለምም፣ ሌላም ብዙ ነገር ይሠራል። ችግሩ አልኮሉ ላይ አስቀድመው የተቀመጡት ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ቦታ የሚለቁ ዓይነት አይደሉም። ክሎሪን መጥቶ ቢጠብቅ፣ ቢለምን፣ ቢገፋ ንቅንቅ አይሉም። ይህን ዓይነቱን ጠባይ ለእርስዎ ማብራራት ግን ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛልና አልፈዋለሁ።

ስለዚህ ታዮኒል ክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ ጠብ እናደርግበታለን። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ሰልፈር ግትሩን ኦክሲጅን ይይዘዋል፤ ከተያዘ በኋላ ኦክሲጅኑ ሳይወድ በግዱ ለመሄድ ይዘጋጃል። ያን ጊዜ ክሎሪኑ ከኋላ በኩል መጥቶ ካርቦኑን ሲይዝ፣ ከፊት ያለው ተላቆ ይሄዳል። የሄደውም ይፈራርስና በመጨረሻ ሁለት ጋዞች ይወጣሉ፤ አንዱ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ሁለተኛው ሃይድሮጅን ክሎራይድ። የመጀመሪያው አሁን እንደተጫረ ክብሪት ይሸታል። ሁለተኛው ከሽታው ይልቅ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ነው የሚታወቀው።

የመማሪያ መጽሐፉ ይህን ዘዴ በጣም ያወድሰዋል፤ ተረፈ ምርቶቹ ጋዝ ሆነው ስለሚሄዱ የሚቀረው ንጹሕ ነው ይላል። እኛም ሰሌዳው ላይ ከሁለቱ ጋዞች ጎን ትንሽ፣ ቀጥ ያለች፣ ወደ ላይ የምትጠቁም ቀስት እንስላለን። ትርጉሟ «ሄደ» ማለት ነው። የት ሄደ ተብላ የማትጠየቅ ብቸኛ ቀስት እሷ ናት። መጽሐፉ ጋዙ ከብልቃጡ እንደሚወጣ እንጂ ከክፍሉ እንደሚወጣ የትም ቦታ አልጻፈም፤ ይህን የሚያደርገው ማራገቢያ ነበር።

ይህንኑ ለጉባኤው በሰሌዳ ጭምር ባስረዳሁበት ዕለት፣ «ጋዝ የማይወጣበት ሜካኒዝም በመምህሯ ተጠንቶ እንዲቀርብ፣ ይህ ካልተቻለም ጋዙ አዲሱ በጀት ከጸደቀ በኋላ እንዲወጣ» በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ውሳኔውን በአክብሮት ተቀብዬ ለታዮኒል ክሎራይዱ አነበብኩለት። እንዳለመታደል ሆኖ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የተለመደውን አደረገ።

በቅንነት ለመናገር ሌላ መላም አቅርቤ ነበር። በሌላ አሲድ መሥራት ይቻላል፤ እሱም የራሱ ጭስ ስላለው ሳጥኑን መፈለጉ አልቀረም። ጋዙን በጎማ ቱቦ እየመሩ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ እንዲውጠው ማድረግም ይቻላል፤ ብዙ ቱቦዎቻችን ተሰነጣጥቀው የነበረ ቢሆንም ጥቂት ጊዜ ሞክረነዋል። የነበረችን ሶዳ ግን የእንግዶች መጸዳጃ ቤት በተደፈነ ጊዜ ተወስዳ እዚያ ከፍተኛ አገልግሎት መስጠቷን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ። ሙከራውን እኔ ብቻ ሠርቼ ተማሪዎቹ በመስኮት እንዲያዩ ጠየቅሁ፤ ኮሌጃችን የሚታወቀው ተማሪው በገዛ እጁ በመሥራቱ ስለሆነ ገምጋሚዎች ፊት ያሳፍረናል ተባልኩ። ይቅር ብዬ ለመንኩ፤ እንዳይቀር ተባልኩ።

3. አጣሪ ኮሚቴ። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ስላቋቋሙልን ዕድሜ ይስጥዎ። ኮሚቴው የመጣው ተማሪዎች ለዕረፍት በሄዱበት፣ ብልቃጦቹ ታጥበው በተደረደሩበት፣ ክፍሉ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ በከረመበት ወቅት ነው። አባላቱ ከበሩ ገብተው ቆሙ፤ ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው በረጅሙ ሳቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያም ሦስቱም ሽታ እንደሌለ ተስማሙ። እኔም ተስማማሁ። ጋዝ ያልተሠራበት ክፍል ጋዝ ጋዝ አይሸትም። ይህ ግን በሪፖርቱ ውስጥ «መምህሯም ሽታ አለመኖሩን አምነዋል» ተብሎ ሰፍሯል።

4. ይህ ስለ እጅ ጓንት ነበር። ከታች ካለው ጋር ሳስተያየው አፍሬ ሰርዤዋለሁ።

5. እታለም።

የቤተ ሙከራችንን ረዳት ሁላችንም እታለም እንላታለን፤ በዕድሜ የሚበልጧትም ሳይቀሩ። እርስዎ በጻፉላት የምስጋና ወረቀት ላይ «የክፍሉ ጉዳይ ፈጻሚ» ያሏትን ሴት ማለቴ ነው። ብልቃጥ ስትይዝ ጣቶቿ አይንቀጠቀጡም፤ አፏ ግን አያርፍም፤ ተማሪ ፊት እኔኑ «አንቺዬ፣ ጽሑፍሽ ዛሬም የዶሮ ጭረት ነው» ከማለት አትመለስም ነበር።

ማራገቢያው ከሄደ በኋላ እታለም የራሷን ሥርዓት አወጣች። ተማሪዎቹ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አድርገው ጭሱ መነሳት ሲጀምር በሩን ትከፍትና ሁሉንም ወደ ኮሪደር ታስወጣለች። እሷ ትቀራለች። ምድጃውን የሚቀንስ፣ የፈላውን የሚያነሳ፣ አንዱ ብልቃጥ ቢሰነጠቅ የሚደርስ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ መቅረት ነበረበት፤ ያ ሰው እሷ እንድትሆን ማንም አላዘዛትም። እኔንም በትከሻዬ እየገፋች ታስወጣኝ ነበር። «እናንተ ውጡ፤ አንቺ ደግሞ ነገ የምትጮሂበት ጉሮሮ ያስፈልግሻል» ትለኛለች። እምቢ ብዬ የቀረሁባቸው ቀናት አሉ፤ እምቢ ስል ትቆጣ ነበርና የወጣሁባቸው ይበልጣሉ። በበሩ መስታወት ሳያት መሐረቧን አፏ ላይ አስራ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ትመላለሳለች።

ሳሏ ሲጀምር የኮሌጁ ክሊኒክ ጉንፋን ነው አለ። ወቅቱ ተቀየረ፤ ሌላ ጉንፋን ነው ተባለ። ጉንፋኑ እንዲህ ከወቅት ወቅት ሲሸጋገር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ውጭ ያለ ሐኪም አያት። የአየር ቧንቧዋ ውስጡ ጠባሳ ይዟል፤ የዳነ መስሎ የጠበበ ነውና ወደ ቀድሞው አይመለስም አላት። የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። እርስዎም ወንበር ሰጥተውኝ፣ «እህቴ፣ ስንቱ ሰው ያስላል፤ ሁሉም ኬሚስትሪ ነው እንዴ?» ብለውኛል።

አሁን እታለም ቤቷ ናት። ጋደም ማለት አትችልም፤ ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ያ የማያርፍ አፏ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። የሸለሟት የምስጋና ወረቀት ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል፤ ፍሬሙ ከእኛ ቀዳዳ መሸፈኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አናጢው በአንድ ላይ ሳይሠራቸው አይቀርም።

6. የቸርነትዎ ጥግ ይህ ነው። ኮሌጁ «ቤተሰቡን ለመደገፍ ካለው ሰብአዊነት የተነሳ» የእታለምን የሥራ መደብ ለሴት ልጇ ሰጥቷል።

ልጅቷ ያመለከተችው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንድትመደብ ነበር። እዚያ ክፍት ቦታ የለም ተባለች፤ በእናቷ ቦታ ግን አለ። ክፍት የሆነበትን ምክንያት ማንም ሊነግራት አላስፈለገም፤ ከእሷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚያስለው። ቤቱን የሚያቆም ሌላ ሰው ስለሌለ ፈርማ ገባች። የንብረት ክፍሉ አዲስ ጋውን ስላልነበረው የእናቷን አስረከባት። እጅጌው አጠራት፤ በኪሱ ውስጥ መሐረቡ ነበረ።

ለእናቷ የተነገራት ልጅቷ ቤተ መጻሕፍት እንደተቀጠረች ነው። ይህን የመከረችው ልጅቷ ራሷ ናት። እኔም ስሄድ ስለ መጻሕፍት እንጂ ስለ ብልቃጥ እንዳላነሳ አስጠንቅቃኛለች።

ባለፈው ሳምንት ለሰኞው ትምህርት ዝግጅት አንድ ብልቃጥ ብቻ ሞከርን። እኔ፣ ልጅቷና ጥቂት ተማሪዎች ነበርን። ጭሱ ሲነሳ ልጅቷ መሐረቡን አፏ ላይ አሰረችና ሄዳ በሩን ከፈተች። «እትዬ፣ እናንተ ውጡ፤ እኔ አጠፋዋለሁ» አለችኝ።

ማን እንደነገራት ጠየቅኋት፤ ማንም አልነገራትም። እናቷ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት ትሠራ እንደነበር አንድም ቀን አይታ አታውቅም። የእናቷን ቃል ከእናቷ አፍ ሳትሰማ አገኘችው። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሜካኒዝም አስተምሬአለሁ፤ ይህንን ግን ሰሌዳ ላይ ልስለው አልችልም። ተማሪዎቹን አስወጥቼ እኔ አልወጣሁም። መስኮቱን ከፍተን፣ ተራ በተራ አንገታችንን ወደ ውጭ እያወጣን፣ ሁለታችንም እየሳልን ጨረስነው። የወጣው አልካይል ሃላይድ ግን፣ መጽሐፉ አልዋሸም፣ እጅግ ንጹሕ ነበር።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ እታለምን ልጠይቅ ሄድኩ። ልጅቷ ከእኔ በኋላ ገብታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እናቷ አጠገብ ትራሱን ልታስተካክል ጎንበስ አለች። እታለም ወሬዋን አቋርጣ አሸተተች። «ክብሪት የጫረ አለ?» አለች። ቤቱ ውስጥ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ክብሪት የሚባል ነገር የለም። እታለም የልጅቷን ሻርፕ ጫፍ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ለጥቂት ጊዜ ይዛ ቆየች፣ ከዚያም ለቀቀችው። «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥሩ ነው፤ ሥራው ጸጥ ያለ ነው» አለች፤ እስከ መጨረሻው ለማለትም ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረባት። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስክወጣ ድረስ አልተመለሰችም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ ይህን የተግባር ትምህርት እንደማላስተምር ጽፌ ለቢሮዎ አስገባሁ። መልሱ፣ ምስጋና ለቅልጥፍናዎ፣ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ፤ «የተግባር ትምህርቱ መምህር ቢኖርም ባይኖርም በረዳቷ አማካይነት እንደ መመሪያው ይካሄዳል» ይላል። እንግዲህ እኔ ብቀር ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች፤ ስለዚህ አልቀርም።

ክቡር ሆይ፣

ቅሬታዬን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ፤ እርስዎን ማድከም አልፈልግም፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ እንደሆነብን ሁለታችንም እናውቃለን። ማራገቢያው እንዲመለስ ከጠየቅሁ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ቅዠት የለኝም። ደብዳቤው ለሚመለከተው ይመራል፤ የሚመለከተው ለእርስዎ ይመራዋል፤ እርስዎ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ኮሚቴው በዕረፍት ወቅት መጥቶ ያሸታል። በዚህ መካከል ሰኞ ይመጣል። ብልቃጦቹ ይደረደራሉ፤ ፈሳሹ ጠብ ይላል፤ እኔም ሰሌዳው ላይ ከሁለቱ ጋዞች ጎን ያችን ወደ ጣሪያ የምትጠቁም ቀስት እስላለሁ። ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ እጁን አውጥቶ ይህችኛዋ የት ነው የምታርፈው ብሎ እንዳይጠይቀኝ እፈራለሁ፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝና ሊጠይቁኝ ይችላሉ።

ስላደረጉልን ሁሉ አመሰግናለሁ። ስለ ፍሬሙ አመሰግናለሁ። ስለ ኮሚቴው አፍንጫ አመሰግናለሁ። ቦታውን ለሌላ ሰው ልጅ ሳይሰጡ ለእታለም ልጅ ስለሰጡም፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ፣ አመሰግናለሁ።

አየር በሞላበት አዳራሽዎ ውስጥ ረጅም ዕድሜና ረጅም ንግግር ተመኝቼልዎ፣ ከፎቁ ሥር ሆኜ እጅ እየነሳሁ፣ በአንድ እጄ ጠመኔ በሌላው መሐረብ እንደያዝኩ የምሰናበትዎ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከትንሽ ትንፋሽ ጋር፣
ተማሪዎች «ቀስት» የሚሉኝ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህርት

ግልባጭ፦
ለጥገና ክፍል፣ ሥራ ፈት ዕቃ ለሚፈልግበት ጊዜ
ለአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሰኞ ጠዋት ለሚያሸቱበት ሁኔታ
ለአካዳሚክ ጉባኤ፣ ጋዙ ውሳኔውን አለማክበሩን እንዲያውቀው
ለእታለም አይደለም

ድኅረ ጽሑፍ፦

ከላይ ያለውን ጽፌ ልፈርም ስል አናጢው መዶሻውን ይዞ ቤተ ሙከራ ገባ። የእርስዎን የትእዛዝ ወረቀት አሳየኝ። ባለፈው ሳምንት አንዷን ብልቃጥ ስንሞክር ጋዙ በመስኮታችን ወጥቶ፣ በተገለበጠው ማራገቢያ ተስቦ፣ እንግዶችዎን በሚያነጋግሩበት አዳራሽ መግባቱን የተረዳሁት ከወረቀቱ ነው። እንግዶቹ አስነጥሰዋል፤ እርስዎም ንግግርዎን አቋርጠው ውሃ ጠጥተዋል አሉ። ስለዚህ «ከቤተ ሙከራው የሚወጣው ሽታ ስብሰባ በማወኩ መስኮቱ በአስቸኳይ በምስማር እንዲመታ» ታዟል። ኮሚቴ አላስፈለገም፤ ጉባኤም አልተጠራም። ሽታ መኖሩን ኮሌጁ በጽሑፍ ያመነበት የመጀመሪያው ሰነድ ስለሆነ ቅጂውን አስቀምጬዋለሁ።

አናጢው ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል። ሥራው እንደ ሁልጊዜው ልክክ ያለ ነው። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ስታየው ነበር፤ ከዚያ ሄዳ ለሰኞ ብልቃጦቹን መደርደር ጀመረች።

እንግዲህ ልመናዬን አሻሽያለሁ። ማራገቢያውን ይያዙት፤ በደስታ ይንፈስልዎ። መስኮታችን ላይ ያለውን ምስማር ብቻ ያስነቅሉልን። ሰኞ ልጅቷ «እናንተ ውጡ» ብላ በሩን ስትከፍትልን የምትቀረው እዚያ ውስጥ ነው።